ሲያባራ እንሄዳለን

ጥቅምት 9

ሞተር፣

እንደምን ሰነበትክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን አንተ እንዲህ ያለ አጀማመር አትወድም። «ደህና ነኝ ብሎ የሚጀምር ሰው አንድ የደበቀው ነገር አለ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ፤ ደብዳቤ መጥቶልሃል። ከአክስታችን ከፊሽካ ነው።

ፖስታውን ጥቂት ቀን ሳልከፍተው ትራስህ ላይ አስቀምጬው ነበር። የሌላ ሰው ደብዳቤ አይከፈትማ። በመጨረሻ እማዬ የስፌት መኪናዋን አቁማ መጣችና «ክፈተው» አለችኝ። ከፈትኩት። ገና ከመግቢያው «አባርቷል እኮ!» ይላል። «ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ መስሏል። ሲያባራ እንሄዳለን ብለኸኝ አልነበር? ተማሪዎቼ ማሊያቸውን ለብሰው ሊያድሩ ምንም አልቀራቸው። በል ወቅቱን ቁረጥልኝ።»

እማዬ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ «እንግዲህ መልስላት» አለች።

«ምን ብዬ?»

«እንደ ድሮው።»

«እማዬ፣ እንደ ድሮው ማለት እሱን ሆኜ ማለት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው ምክንያቷን የነገረችኝ። ፊሽካ ዓይኗን ኦፕሬሽን ካደረገች ብዙም አልቆየች። ሐኪሙ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ፣ ጎንበስ እንዳትል፣ ከሁሉም በላይ እንዳታለቅስ አስጠንቅቋታል። ካለቀሰች የተሰፋው ይለቃል ብሏታል አሉ። «አንድ ልጅ አጥቻለሁ» አለች እማዬ። «የእህቴን ዓይን በላዩ አልጨምርም። ሐኪሙ ሲፈቅድላት ራሴ ሄጄ፣ እጇን ይዤ እነግራታለሁ። በወረቀት የሚነገር ነገር አይደለም።»

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣኸው አንተ ነህ። አምና እሷ ባለችበት ከተማ ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ከሳንባ ክፍሉ መስኮት ሐይቁ ይታይህ ነበር። ከጎንህ ካሉት ሽማግሌ ጋር አንዱን የኦክስጅን ሲሊንደር በተራ ነበር የምትጠቀሙት፤ እሳቸው ሲተነፍሱ አንተ ሐይቁን ታያለህ፣ አንተ ስትተነፍስ እሳቸው ያያሉ። አንድ ቀን ፊሽካን «ይህን ሐይቅ በእግሩ የዞረ ሰው አለ?» አልካት። የስፖርት አስተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ትጠየቃለች? ሳምንት ሳይሞላ እቅድ ይዛልህ መጣች። ተማሪዎቿ ሐይቁን በእግር ይዞራሉ፤ መንገዱ ቀናት ይፈጃል፤ የከተማው ሰው ለእያንዳንዱ ተጓዥ ያዋጣል፤ በተዋጣው ለክፍሉ ኦክስጅን የሚያመርት መሣሪያ ይገዛል። አንተ ደግሞ ከድልድዩ እስከ ሆስፒታሉ በር ያለችውን የመጨረሻዋን መንገድ በገዛ እግርህ ትሄዳለህ። «ወቅቱን የምመርጠው እኔ አይደለሁም፣ ደረትህ ነው» አለችህ። አንተም ደረትህን ጠይቀህ «ሲያባራ እንሄዳለን» ብለህ መለስክላት። እሷ ዝናቡን መስሏታል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዝናቡን እንዳላልክ የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጸሐፊህ ነበርኩ። «እንዳለ ጻፈው፣ አታስተካክለኝ» ስለምትለኝ፣ ለትንፋሽ ባረፍክበት ሁሉ ሰረዝ አደርግ ነበር። መጀመሪያ ለማናደድ ነበር፤ ኋላ ፊሽካ ወደደችው። «አክስቴ — ዓይንሽ እንዴት ነው — — በአንዱም ቢሆን ካየሽኝ ቆንጆ ነኝ።» እንዲህ ነበር የሚመስለው ደብዳቤህ።

አሁን ክፍላችን ጸጥ ብሏል። ድሮ እማዬ «ሁለት ሞተር አለኝ፤ አንዱ እግሬ ሥር፣ አንዱ ከግድግዳው ወዲያ» እያለች ትስቅ ነበር። ጠዋት ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ በግድግዳው በኩል «ሞተሬ፣ አደርክ?» ትልሃለች፤ አንተ አየር ትሰበስብና «አልጠፋም» ትላታለህ። አሁን ስትነቃ ማንንም አትጠራም።

ሰው ሁሉ ስለዚያ ጠዋት ይጠይቀኛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስለነጋብኝ ስለ መጀመሪያው ጠዋት። «ተኝቼ ነበር» እላቸዋለሁ። ለአንተም አልነግርህም፤ አንተማ እዚያው ነበርክ።

ጸሐፊህ


ጥቅምት 12

ለውድ አክስቴ ለፊሽካ፣

እንደምን አለሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጸሐፊዬ ትምህርት ተከፍቶበት ፋታ አጥቷል።

ስለ እንቅልፌ ለጠየቅሽኝ፣ ጥሩ እተኛለሁ። ስለ ምግብ ላልሽው፣ እማዬ ብላ ብላ እያለች ማስገደዷን ትታለች። መርፌ መወጋቱም ቀርቷል፤ ሐኪሞቹ አያስፈልገውም ብለዋል።

ወቅቱን በሚመለከት ግን አሁን አይሆንም። ማባራቱንስ አባርቷል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ መሬቱ ከላይ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ጭቃ ነው። ሸምበቆው አጠገብ ያለው መንገድ ተማሪዎችሽን እስከ ጉልበታቸው ይውጣቸዋል። ትንሽ ይድረቅ። እባክሽ በእኔ ምክንያት ማሊያ ለብሰው አይደሩ።

እማዬ ትስምሻለች። መኪናዋ ጥሩ ይሠራል።

ሞተር


ጥቅምት 27

ለቀልማዳው ለሞተር፣

እንዴት ከርመሃል የእኔ ጌታ? እህቴስ? ያ ኩታራ ጸሐፊህስ? እኔ አለሁ። የምጽፍልህ በግራ ዓይኔ ነው፤ የቀኙ ፋሻውን ተከናንቦ የዓመት ፈቃዱን እየበላ ነው። መስመሩ ሽቅብ ከወጣብህ አንተም አንገትህን ሽቅብ አድርገህ አንብበው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ጎድሎብኝ ምን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። የዓይኔ ጣጣ ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። እዚያ ነው የገባኝ። ሰረዝ የለውም! ከላይ እስከ ታች አንዲት ሰረዝ የለችበትም! አንተ ልጅ፣ ሳልህ አባራ እንዴ? ወይስ ያ ኩታራ መስመር ማስመር ሰለቸው? እሱ ሰንፎ ከሆነ ንገረኝ፤ በፊሽካ አስተካክለዋለሁ። ካልሆነ ግን እውነቱን ጻፍልኝ። ልቤን አንጠልጥለህ አታቆየው።

ስለ ጭቃው ልክ ነህ። ፈጣን ነኝ የምትለዋን ልጅ መንገዱን አይተሽ ነይ ብዬ ላክኋት፤ ጫማዋን ሸምበቆው ውስጥ ቀብራ በካልሲ መጣች። እሺ ይድረቅ። ታዲያ መቼ ይሁን? ኅዳር ላይ ነፋስ አለ፤ ሐይቁ ይቆጣል፣ መንገዱ ግን ደህና ነው። ታኅሣሥ ጠዋቱ ይበርዳል፤ ለደረትህ እፈራለሁ። ከየካቲት በኋላ ያለውን አቧራ አታንሳብኝ። ያኔ የሳንባ ክፍሉ አልጋ ያጣና በሽተኛው ኮሪደር ላይ ይተኛል፤ አይተኸዋል። መሣሪያው ከዚያ በፊት ቢደርስ ነበር ደስታዬ።

ትናንት ርዕሰ መምህሩ ሊጠይቁኝ መጥተው «እትዬ፣ ለአንድ ጉዞ ብለሽ ወቅቶቹን ሁሉ ትፈትኛለሽ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ፣ እስካሁን ሁሉም ወድቀዋል» አልኳቸው።

በቶሎ ጻፍልኝ። ያለ ሰረዝ ቢሆን ደግሞ!

አክስትህ ፊሽካ


ኅዳር 3

ውድ አክስቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ስለ ዓይንሽ የዓመት ፈቃድ እማዬ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ። ሳሌ አባርቷል። ከዝናቡ ጋር አብሮ ነው ያባራው። ጸሐፊዬን አትቆጪው፤ እሱ የሚጽፈው የሰማውን ነው።

ኅዳር ግን አይሆንም። ነፋሱ ሐይቁን ወደ መንገዱ ያወጣዋል። ታኅሣሥ አንቺም እንዳልሽው ይበርዳል። ጥርን አላውቅም። ለምን እስከ ከርሞ አናቆየውም? ዓይንሽም እስከዚያ ይድናል። ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ፤ ወትሮም እኔ ለመነሳት ቀርፋፋ ነኝ።

ሞተር


ኅዳር 18

የእኔ ልጅ፣ የእኔ ልጅ፣ የእኔ ልጅ!

ዛሬ ሰላምታውን ዝለለው። «ሳሌ አባርቷል» የምትለውን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩት፤ መልሼ ከፈትኩት፤ አሁንም እዚያው አለ። አለቀስኩልህ። ሐኪሙ አታልቅሺ ብሎኛል፤ ግን እሱ ያለው የሐዘኑን ነው፣ የደስታው አይቆጠርም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ፋሻው ርሶ፣ ልትቀይርልኝ የመጣችው ነርስ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ሽንኩርት» አልኳት።

ስማኝማ። እስከ ዛሬ ወቅት ስናማርጥ የከረምነው ለማን ነው? ለአንተ ደረት። ደረትህ ከዳነ ምን ቀረን? ቀኑን ቆርጬዋለሁ። ጥር አጋማሽ ነው። መንገዱ ደርቋል፣ ብርዱ ጎንበስ ብሏል፣ አቧራው ገና አልተነሳም። ከርሞ የሚባል ነገር አልሰማም።

ደግሞ ከድልድዩ አይደለም የምትነሳው። ከመጀመሪያው ነው፤ ከሁሉም ፊት። ተማሪዎቼ በትልቅ ጨርቅ ላይ «ከሞተር በስተኋላ» ብለው ጽፈው ጨርሰዋል። ከኋላ የሚቀር ካለ ፊሽካዬ አለ።

ሽማግሌው ጎረቤትህ አሁንም እዚያው አልጋ ላይ ናቸው። ሄጄ ነገርኳቸው። ጭንብሉን ከአፋቸው አነሱና «የእኔን ድርሻ አየር ወስዶ ነው የዳነው፤ ይመልስልኝ» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም ሳለ፤ ብዙ ሳሉ። ሲሊንደሩ ዛሬም አንድ ነው።

አክስትህ


ኅዳር 25

ሞተር፣

ጉድ ፈልቷል። ይቅርታ፤ እንደምን ሰነበትክ?

ፊሽካ ቀን ቆርጣለች። ፊት የምትሄደው አንተ ነህ፤ ጨርቅ ላይ ተጽፈሃል። ለሽማግሌው ሳይቀር ድኗል ተብሎ ተነግሯቸው ቀልደዋል። ስንት ሰው ደስ እንዳለው አስበው፤ ሁሉም በእኔ አንዲት መስመር።

ሰረዝ ማድረጉን ረስቼው አይደለም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ በልማድ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ የሚሰማ ነገር ስላልነበረ ያልሰማሁትን አልጻፍኩም። እሷ ግን ባዶውን ቦታ ጤና ብላ አነበበችው።

ትናንት የጂኦግራፊ አስተማሪያችን «ተነስና ወቅቶችን ዘርዝር» አሉኝ። ሳላስበው «የጭቃ፣ የነፋስ፣ የብርድ፣ የአቧራ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ ልጅ፣ የገባኸው ክፍል ነው ወይስ ክሊኒክ?» አሉኝ። የክፍላችን ቡድን በረኛ የሆነው ልጅ ከኋላ ሆኖ «ቲቸር፣ የጨዋታ ወቅት ገና አልደረሰለትም፤ ይታገሡት» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ቁጭ አልኩ። በእረፍት ሰዓት በረኛው መጥቶ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ይቅርታ ማለቱ ነው። አሁን የምጽፍልህ በእሱ ነው።

የፊሽካን ደብዳቤ ለእማዬ አነበብኩላት። «አለቀስኩልህ» የሚለው ጋ ስደርስ መርፌው ቆመ።

«አለቀሰች?»

«በደስታ ነው፣ እማዬ።»

«ዓይን ደስታና ሐዘን ይለያል እንዴ?»

«እንግዲያው እውነቱን ልጻፍላት?»

«አሁን? ድኗል ብለህ ካስፈነደቅካት በኋላ?»

«እኔ ድኗል አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«አባርቷል።»

 እጇ ላይ የአንድ ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ነበር። አገላበጠችውና የሰፋችውን መልሳ መተርተር ጀመረች። «ቁርጥ ወንድምህን» አለች። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አልገባኝም።

ስለዚህ ሳልህን ልመልሰው ነው። ሳልህ ተመልሷል ስላት ጥርን ትተዋለች፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድላት ጊዜ እናገኛለን። የቸገረኝ ሰረዙ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገብህ ተቀምጬ ጽፌ፣ ወረቀቱ ላይ የት የት እንደምታርፍ ጠፋብኝ። በግምት በተንኩት። አንተ ብትሆን «ጨው ነው እንዴ የምትበትነው?» ትለኝ ነበር።

ይቅር በለኝ።

ጸሐፊህ


ኅዳር 26

ውድ አክስቴ፣

ደብዳቤሽ — ደርሶኝ በጣም — ደስ ብሎኛል። ነገር ግን — ሳሌ ተመልሷል። ጥር — አይሆንም። ጨርቁን — አጥፈሽ አስቀምጪው። ለሽማግሌው የወሰድኩትን — አየር በጣሳ — እመልስልዎታለሁ — ብሏል በያቸው። ዓይንሽን — ጠብቂ።

ሞተር


ታኅሣሥ 10

ለጸሐፊው፣

አዎ፣ ለአንተ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእናትህ አታንብብላት፤ አስቀድመህ ለብቻህ አንብበው።

ሰረዞቹን አየኋቸው። እኔ የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ የሰው ትንፋሽ ማዳመጥ ሥራዬ ነው። ወንድምህ አልጋ አጠገብ ደግሞ ከሥራም በላይ ሆኖብኝ ነበር። እሱ ቀልድ መሃል አርፎ አያውቅም። ቀልድ ሲመጣበት አስቀድሞ አየሩን ይሰበስባል፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ሌላው ንግግሩ ሁሉ ቢበጣጠስ ቀልዱ አይበጠስም። እዚህኛው ደብዳቤ ላይ ግን የጣሳው ቀልድ ተበጣጥሷል። ቀልዱን የሚበጣጥስ ወንድም አልነበረህም።

ወረቀቱን አስቀመጥኩና የቀደሙትን አወጣሁ። «ጥሩ እተኛለሁ።» «እማዬ ማስገደዷን ትታለች።» «ከዝናቡ ጋር አብሮ ነው ያባራው።» አንተ ልጅ፣ አንዲት የውሸት ቃል አልጻፍክም ነበር። የዋሸህባት ይህች የመጨረሻዋ ብቻ ናት።

ለዓይኔ ፈርታችሁ እንደሆነ ገብቶኛል። እህቴን አልቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። አለቀስኩ። ነርሷ ገብታ «ዛሬም ሽንኩርት?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ፋሻው ሲፈታ ምን ያህል እንደሚያይ ያኔ ይታወቃል። አሁን ስለ እሱ አታስቡ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ሲያባራ እንሄዳለን» ሲለኝ ዝናቡን መስሎኝ፣ ክረምቱን ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ ሰማይ ስጠብቅ ከረምኩ። እሱ የሚጠብቀው ሌላ ነበር። ሲያባራ ደግሞ «አባርቷል እኮ!» ብዬ ጻፍኩለት። ያንን ደብዳቤ ማን ከፈተው? አንተ ነህ አይደል?

ለተማሪዎቹ አልነገርኳቸውም። የጥሩን ቀን ለጊዜው አቁሜዋለሁ። ጉዞው ይቅር ወይስ ይሁን፣ የሚሆንስ ከሆነ በየትኛው ወቅት ይሁን፣ አንተ ትቆርጣለህ። ወቅቱን የሚመርጠው ደረቱ ነው ብዬው ነበር፤ እንግዲህ የቀረኝ ያንተ ደረት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሌላውን ከእናትህ እሰማለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻህን የነጋብህን የመጀመሪያውን ጠዋት ግን ካንተ ነው መስማት የምፈልገው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 20

ውድ አክስቴ፣

እንደምን አለሽ? ዓይንሽስ? በራሴ ስም ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አካሄዱን አላወቅኩበትም፤ ይቅርታ።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አነበብኩት። ለእማዬ ግን መደበቅ አልቻልኩም፤ ፊቴን አይታ «አወቀች?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መኪናዋን ሸፈነችው። «እጇን ይዤ ልነግራት ነበር እኮ» አለችና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ተደብቃ ነበር የምታለቅሰው። እኔም እንደዚሁ። አሁን ሁለታችንም መደበቁን ትተናል።

አዎ፣ ደብዳቤውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። በዚያን ጊዜ ማባራቱ እውነት ነበር።

ወቅቱን ቁረጥ ላልሽኝ፣ የጥሩን ቀን አትተዪው። እኔ ወቅቶቹን ሁሉ ስጥል የከረምኩት አሁን ለሌለ ደረት ነው። የቀረኝ ያንተ ደረት ነው ብለሻል፤ አይደለም አክስቴ፣ ሽማግሌው አሉ። ኮሪደር ላይ የሚተኙት አሉ። ለእነሱ የሚሆነው ወቅት አቧራው ከመነሳቱ በፊት ያለው ብቻ ነው። ከርሞ ማለት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ሳላስብ ነበር የጻፍኩት። እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች አብራኝ ትመጣለች። ማልቀሷ አላባራም፤ የእኔም አላባራም። ሳያባራ እንሂድ።

ጨርቁን አታጥፉት። ከጨርቁ ፊት ግን ማንም አይሂድ፤ አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ክፍት ይሁን። ከድልድዩ እስከ በሩ ያለችውን እኔ እሄዳታለሁ። ለሽማግሌው እውነቱን እኔው ልንገራቸው፤ ቀልዳቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ይህን እማዬ አታውቅም። ብትነግሪያትም ባትነግሪያትም ላንቺ ትቼዋለሁ።

የመጨረሻው ዝናብ የዘነበ ዕለት ነው። ዝናብ ሲጥል አቧራው ስለሚተኛ ይቀለው ነበር፤ ያን ቀን ሲቀልድ ውሎ ነው የተኛው። እማዬም ስንት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጣ ካደረች በኋላ «ዛሬስ ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ያነቃኝ ጸጥታው ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮው ሲቆም እንደሚነቃው ነው የነቃሁት። ዝናቡ አባርቷል። መስኮቱ ገና መንጣት መጀመሩ ነበር። ተነስቼ እጁን ያዝኩት፤ ገባኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የእማዬ አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። አንዴ ተንቋቋና ዝም አለ። ጆሮዋን ጥላ እያዳመጠች እንደሆነ አወቅኩ፤ በየጠዋቱ የምታደርገው ነው።

አልጋው ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተኛሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና እንደ እሱ መተንፈስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የምታፏጨዋን፣ ቀጥሎ የምትንኮራኮረዋን፣ ከዚያ ዕረፍቱን። ወረቀት ላይ የጠፋብኝን ያን ጠዋት ሰውነቴ ያውቀው ነበር። ለካ እንዲያ መተንፈስ ከባድ ሥራ ነው። ደረቴ ነደደ። ላቆም ስል አልጋዋ ይንቋቋል፤ እቀጥላለሁ። የእሱ ትከሻ ትከሻዬ ላይ እየከበደ፣ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ብርድ ልብሳችን ላይ እስክትደርስ ድረስ ተነፈስኩለት።

ከዚያ በእንቅልፍ ልቧ «ሞተሬ፣ አደርክ?» አለች።

አንቺ እንዳልሽው አስቀድሜ አየር ሰበሰብኩ።

«አልጠፋም» አልኳት።

ሳቀች፤ ተመልሳም ተኛች።